ያላጠብኩት ጃኬት

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ወደ ታች ስወርድ፣ አንዲት ልጅ ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝ። ሱሪዋ ጉልበቷ ላይ ተቀዷል፤ ሸሚዟ አባቷን ከነጋቢው የሚይዝ ነው። በእኛ ጊዜ እንዲህ ለብሶ የመጣን ሰው ቁራሽ እንጀራ ይዘን ነበር የምንቀበለው፤ ዛሬ ግን ፋሽን መሆኑን ስለማውቅ አልሳቅሁም። ብርድ ነበር፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚያመጣው፣ ፀሐይ እያለ አጥንት የሚነካው ብርድ። ልጅቷ ሳልፈቅድላት የጃኬቴን እጅጌ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አየችው።

«እማማ ይቅርታ፣ ይሄን ጃኬት ከየት አገኙት?»

«ከካርቱም።»

«በጣም ያምራል። ቪንቴጅ ነው እኮ፣ አሁን እንዲህ ያለ አይሠራም። እኔ ሰልባጅ በቴሌግራም እሸጣለሁ፤ ከሸጡልኝ ጥሩ ዋጋ እሰጥዎታለሁ።» ከዚያ ወደ አንገቴ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ብቻ አንዴ መታጠብ አለበት» አለችኝ።

አይሸጥም አልኳት። ለምን እንዳልታጠበ ግን መንገድ ላይ ቆሞ የሚወራ ነገር አይደለም። መልካም ገበያ ብያት መንገዴን ቀጠልኩ። እግሬ ጎንደርን ይረግጣል፣ ልቤ ግን ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ገብቶ ነበር።

ልብስ እወዳለሁ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ማለት ነውር ከሆነም ይሁን። በዚሁ ፒያሳ ተማሪ ሳለሁ፣ ከታች የሚሰፋው ሱሪያችን አስፋልቱን እየጠረገ፣ ፀጉራችንን በብረት ሚዶ አቁመን፣ ከሲኒማ ቤቱ እስከ ዳቦ ቤቱ ስንመላለስ እንውል ነበር። ከአንዱ ሙዚቃ ቤት ሳክስፎን የሚያለቅስበት ዘፈን ይወጣል፣ ከማዶው ደግሞ ሌላ፤ እኛ መሀል ላይ ቆመን የምንሰማ እንመስላለን እንጂ የቆምነው ለመታየት ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንድ ቡናማ ጃኬት ነበረው፤ መስመር መስመር ያለው ከፋይ፣ የዛሬ ልጆች ኮርዶሮይ የሚሉት፣ ኮሌታው ሰፊ። እሱ ሳይኖር እሰርቅና እለብሰዋለሁ። እጅጌው ጣቶቼን ይውጣቸዋል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ግን ያን ጃኬት ስለብስ የማልፈራ ሴት እሆን ነበር። እናቴ ታየኝና «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትለኛለች። እናቴ ብዙ ነገር ታውቅ ነበር፣ ይቺን ግን አላወቀችም፤ እኔን አድምቆኛል። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም ባያውቀው ይሻለዋል። ወንድሜ ጃኬቱን እንደለበሰ ወጥቶ ቀረ። እኔ የገጠር ሴት ቀሚስ ለብሼ በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ፤ ሱሪዬ እናቴ ቤት ሳጥን ውስጥ ቀረ።

ካርቱም ውስጥ የኖርኩት ዴም ነው። መሀል ከተማ ያለ አሮጌ ሰፈር ነው፤ ምግብ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ካሴት ቤቱ የሐበሻ፣ ግቢው የሱዳኖች፣ በየግቢው ደግሞ ጎን ለጎን የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች። ከመስጊዱ ማዕዘን፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሻይ ሻጯ በርጩማዋን ዘርግታ ትቀመጣለች። ራክሻ የሚሏት ባለ ሦስት እግር ታክሲ በዚያች ማዕዘን ስትታጠፍ ሁልጊዜ ልትገለበጥ ትደርሳለች፣ ሁልጊዜም ትተርፋለች። የሚኒባሱ ረዳት አፉን ሳይከፍት ጣቱን እያጮኸ ሒሳብ ይጠይቃል። ሕዝቡ ደግ ነው፤ ሕጉ ግን ሴት አይወድም ነበር። ሱሪ ለብሳ የተገኘች በጅራፍ የምትገረፍበት ዘመን ነበርና፣ እኔም እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ጠቅልዬ ኖርኩ። አከራያችን ሐጃ ፋጢማ መጀመሪያ ቀን ስታየኝ «አሁን ሰው መሰልሽ» አለችኝ፤ መመረቋ ነበር። እዚያው አገባሁ፣ እዚያው ወለድኩ፣ ባሌም ልጃችን ናሆም እግሩን ሳይተክል እዚያው ሞተ። ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናዬን ክፍላችን በር ላይ አወጣሁና የሰው ሰልባጅ እያጠበብኩ፣ እያሳጠርኩ፣ ገበር እየቀየርኩ ልጄን አሳደግሁ።

ሰልባጁ የሚመጣው ከኢድሪስ ነበር፤ ገበያው ጫፍ ላይ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሸጥ፣ ጥርሱ የተራራቀ ደግ ሰው። ካርቱሞች የዝናቡን ወራት ኸሪፍ ይላሉ። ኸሪፍ ሲያበቃ መንገዱ ይደርቅና ከወደቡ ቦንዳ የጫኑ መኪኖች ይገባሉ። ኢድሪስ የቦንዳውን ማሰሪያ በቢላ ሲቆርጠው ያ የተጠቀጠቀ ልብስ እስትንፋስ እንዳገኘ ሰው ተነፋፍቶ ይነሳና አንድ ሽታ ይወጣል፤ የመድኃኒት ሽታ፣ አፍንጫ የሚያቃጥል። ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ «የሙት ልብስ ነው» ብለው አይገዙም። እኔ ሙቱ አይበርደውም እላለሁ። ደግሞ ሰልባጅ የሰው ሽታ የለውም። የለበሰው ሰው ላብ፣ ሽቶው፣ ቤቱ፣ ሁሉም በዚያ መድኃኒት ተገድሎ ነው የሚመጣው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አንድ ዓመት፣ ኸሪፉ ሲወጣ፣ ከተማው ውስጥ የዳቦ ሰልፍ ከመስጊዱ ሰልፍ የረዘመበት ጊዜ ነበር፣ ኢድሪስ አዲስ ቦንዳ ሲዘረግፍ ከብርድ ልብስ መሀል አንድ ቡናማ እጅጌ ወጣ። መስመር መስመር ያለው ከፋይ። ስቤ አወጣሁት፤ ኮሌታው ሰፊ ነው።

«እህቴ፣ የወንድ ነው እኮ» አለኝ ኢድሪስ በዐረብኛው።

«አውቃለሁ።»

«ካርቱም ውስጥ ይሄን የሚለብስ እብድ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ሳቀና ከአንድ ሳህን ፉል በማይበልጥ ዋጋ ሰጠኝ። ሰው በስድሳ ዓመቱ የሚያምርበትን ልብስ አገኘ ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን ያን ቀን፣ ከሰው ቆሻሻ ክምር ውስጥ፣ ራሴን አገኘሁት። ቤት ወስጄ በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩትና መድኃኒቱን አስለቀቅሁት። ገበሩ ተበጣጥሶ ነበር፤ ሐጃ ፋጢማ ለዒድ የሰጠችኝን አረንጓዴ ቶብ፣ ሱዳኖች ከላይ የሚጣፉትን ስስ ልብስ፣ ቀድጄ ገበር አደረግሁለት። ነጫጭ ትንንሽ ወፎች ነበሩበት። ከላይ ማንም የሚያውቀው ጃኬት፣ ከውስጥ ግን እኔ ብቻ የማውቃቸው ወፎች። አንድ ቁልፉ ጠፍቶ ነበር፣ በቀይ ተካሁት፤ ቡናማ አጥቼ አይደለም፣ ቀይ ስላማረኝ ነው።

ናሆም ከሥራ ሲገባ ለብሼው መስታወት ፊት ቆሜ ደረሰብኝ። ቤት ቀለም ቀቢ ነበር፤ ሁልጊዜ ቀለምና ተርፐንታይን ይሸታል። አማርኛውን ከእኔና ከካሴት ነው የተማረው፤ ሲጀምረው በአማርኛ፣ ሲጨርሰው በዐረብኛ ነው።

«ማማ፣ ይሄ ነገር ሰምሕ ሸዲድ፣ በጣም ያምራል! ለኔ ነው?»

«የኔ ነው። በጣም ካማረህ ሂድና ፈልግ።»

«አንቺ የት ትለብሺዋለሽ? ፖሊስ ካየሽ ኸላስ፣ አለቀልሽ፣ ከነጃኬትሽ ይወስዱሻል።»

«ተው፣ አትዘርጥጠው።»

አልሰማኝም፤ ከትከሻዬ ላይ ገፎ ለበሰው። ልኩ ነበር። ትከሻው የወንድሜ ትከሻ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አላየሁትም። እንደ ሞዴል ዞር ዞር እያለ ሊያስቀኝ ሲሞክር፣ እኔ ኮሌታውን አቃናሁለት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ እንድንለብሰው ተስማማን፤ ብዙውን ቀን ግን እሱ ነበር የሚቀድመኝ።

ያ ክረምት፣ ማለቴ የእነሱ ብርድ፣ የአብዮቱ ጊዜ ሆነ። ስለ ፖለቲካው የሚጽፉ ይጽፉታል፤ እኔ የማስታውሰው ልብሱን ነው። በጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ ደጃፍ ያ ሁሉ ሕዝብ በተቀመጠበት ሰሞን፣ ልጃገረዶቹ ነጭ ቶብ ለብሰው፣ የተማሪ ሱሪ ለብሰው፣ ባንዲራ ትከሻቸው ላይ ጥለው ይመጣሉ። ወንዶቹ የባቡሩን ድልድይ ብረት በድንጋይ እየደበደቡ ምት ያወጣሉ፣ ያ ምት እስከ ዴም ይሰማል። ሻይ ሻጮች በነፃ ያጠጣሉ። አንድ ቀን ሐጃ ፋጢማ ራሷ ለልጆቹ ምግብ ሠርታ «ተነሺ እንሂድ» አለችኝ። እኔም ከኢድሪስ ገዝቼ ሳጥን ውስጥ የደበቅሁትን ከታች ሰፊ ሱሪ አወጣሁና ለበስኩ። ያን ያህል ዘመን ካርቱም ስኖር ሱሪ ለብሼ መንገድ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ሐጃ ፋጢማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እግር አለሽ ለካ» አለች።

ናሆምን ያገኘነው ከአንድ ረጅም ግድግዳ ሥር፣ መሰላል ላይ ነበር። ጃኬቱን ለብሶ ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፊት በሰማያዊ ቀለም እየሣለ ነው። ሱሪዬን ሲያይ ብሩሹን ለቀቀውና ሰማያዊው እጅጌው ላይ ፈሰሰ። «ያ ማማ!» አለ በዐረብኛው። ወርዶ አቀፈኝና ለጓደኞቹ «እናቴ ናት፣ እናቴ» እያለ አዞረኝ። ሐበሻ ነህ፣ አገርህ አይደለም ያሉት ብዙ ነበሩ፤ እሱ ግን ሌላ አገር አያውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያማርኩበት ቀን የለም። እሱም እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ከዚያ በዒዱ ዋዜማ፣ ዝናብ ባረገዘ ንጋት፣ ያ ቦታ በጥይት ተበተነ። ምን እንደተደረገ አልናገርም፤ ሆድ ይፍጀው። ናሆም ከቀናት በኋላ መጣ። አንድ እግሩ ላይ ጫማ አልነበረም። ጃኬቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ስጠይቀው «ኸላስ ማማ፣ በቃ» አለኝ። ያ የሚዘፍን፣ የሚያሾፍ ልጅ ተመልሶ አልመጣም።

የገረመኝ ነገር፣ እኔ ያኔ ነው የለመለምኩት። የሽግግሩ ጊዜ ገባ፣ የሱሪው ሕግም ተሻረ። ኸሪፉ ሲወጣ ኢድሪስ ጋ እየሄድኩ ድሮ የተቀማሁትን ሁሉ አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ፤ ሰፊ ሱሪ፣ ኮሌታው ክንፍ የሚያክል ሸሚዝ፣ ባለ አበባ ሻሽ። የዴም ልጃገረዶች «አንቺ የለበስሽውን ሥሪልን» እያሉ በሬ ላይ ይሰለፋሉ። አሮጊት ፋሽን አወጣች ተባለ። እኔ ወደ ልጅነቴ ስመለስ ልጄ እያረጀ ሄደ። ዴም አስጠላው፤ ካላክላ፣ ከከተማው ደቡብ ኪራይ ወደሚረክስበት፣ ከቀን ሠራተኛ ልጆች ጋር ገባ። ዓርብ ዓርብ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። አንድ ዓርብ ጃኬቱን ልውሰደው ወይ አለኝ። ተራህ ነው አልኩት። በሌላው ዓርብ ደግሞ ፖርት ሱዳን፣ ወደቡ ላይ ሹግል አገኘሁ ብሎ እጄን ስሞ ሄደ። ሥራ ማለቱ ነው። ከዚያ አንድ ሁለቴ ደወለልኝ፣ መስመሩ ይንኮሻኮሻል። «ባሕሩ ያምራል?» ስለው «ገና አላየሁትም ማማ» አለኝ። ወደብ ላይ የሚሠራ ሰው ባሕር ሳያይ እንዴት ይከርማል? ያኔ አላሰብኩትም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የዴም ልማድ ልንገራችሁ። አገር ቤት መንገደኛ ሲወጣ ያን ዕለት ቤት አይጠረግም፤ ዱካውን ይጠርገዋል ይባላል። ዴም ውስጥ ግን ቤቱ የሰው ነው፤ አከራይዋ ጠዋት መጥረጊያዋን ይዛ ትገባለች፣ ማን ይከለክላታል? ስለዚህ ነገሩ ወደ ልብሱ ዞረ። በሊቢያ በኩል ባሕር ለመሻገር የሚወጣ ልጅ ልብሱን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ትቶት የሄደው ልብስ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል እንጂ አይታጠብም። ከባሕሩ ማዶ «ደርሻለሁ» ብሎ የደወለ ቀን ሴቶቹ ተጠራርተው፣ እልል ብለው ያጥቡትና ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ያሰጡታል። አላፊ አግዳሚው ያን ልብስ ገመድ ላይ ሲያይ ማን እንደሆነ ባያውቅም «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ያልፋል። እኔም ለስንቱ የሰው ልጅ ሳሙና ይዤ ሮጫለሁ።

በቀጣዩ ኸሪፍ ማብቂያ፣ ኑሮው ተወዶ የኢድሪስ ዋጋም አልቀመስ ሲል፣ ካላክላ ገበያ ሰልባጅ ይረክሳል ተባለና በሚኒባስ ሄድኩ። መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ ላይ ክምር ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳገላብጥ ያ የመድኃኒት ሽታ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ መሀል ላይ ሌላ ሽታ መጣ። የሰው ሽታ። ላብና ተርፐንታይን። እጄ ከዓይኔ በፊት አወቀው። ቡናማው እጅጌ፣ ሰማያዊው ጠብታ፣ ቀዩ ቁልፍ። ገልበጥ አደረግሁት፤ ወፎቼ አሉ።

እንዴት እንደከፈልኩ አላስታውስም። ጃኬቱን አቅፌ እየጠየቅሁ ልጄ ይኖርበት የነበረውን ክፍል አገኘሁት። በሩን የከፈተልኝ ሰለሞን የሚባል የጎጃም ልጅ ነው፤ ናሆም አንዴ ዴም ይዞት መጥቶ እጁን ታጥቦ ቤቴ የበላ። ልብሴን ሳይሆን የያዝኩትን ነው ያየው። በሩን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«እማ፣ ወላሂ አላጠብነውም ነበር» አለኝ።

የሰማሁት መርዶ ይኸው ነው። ፖርት ሱዳን እንዳልሄደ፣ ሊቢያ እንደገባ፣ ሌላ ሳይነገረኝ ገባኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ለመፍራት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

«መቼ ነው የደወለው?» አልኩት።

«ከኸሪፉ በፊት። ዛሬ ጀልባ እንወጣለን አለኝ። ከዚያ ወዲህ የለም። ለእናትህ ልንገራት ስለው እንቢ አለ፤ ስደርስ እኔው እነግራታለሁ አለ።»

«ሌላ ምን አለ?»

ሰለሞን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ጃኬቱን እንዳታጥቡት አለ። ስደርስ ለማማ ስጧት፣ እሷ ናት የምታጥበው አለ። እኔ ገዚራ ለሰብል ሥራ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ሚስማሩ ባዶ ነው። አዲስ የገባ ልጅ፣ ልማዱን የማያውቅ፣ ርቦት ሸጦታል። ገበያውን ሁሉ ፈለግሁት፣ እማ።»

አልተቆጣሁትም። አጠገቡ ደፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁለታችንም ጃኬቱን ጉልበታችን ላይ ይዘን አለቀስን። ሰፈርተኛው ሬሳ የሌለው ልቅሶ አይቶ የሚያውቅ ስለሆነ ማንም ምን ሆናችሁ አላለንም። ዴም ስገባ ሐጃ ፋጢማ ጃኬቱን አየችና እኔን ሳትጠይቅ «ኢንሻላህ ይደውላል» አለች። የዴም ሴቶች ተዝካር እናውጣ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ያልደወለ ልጅ ያልደወለ ልጅ ነው፤ የሞተ አይደለም። ሚስማር ላይም አልሰቀልኩትም፤ አንዴ ከሚስማር ላይ ተሰርቋል። ለበስኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር አላማረኝም፤ ሱሪውንም ሸሚዙንም ለልጃገረዶቹ አካፈልኳቸው። አንገቱ ጋ ዝቅ ብዬ ስተነፍስ ልጄ አለ።

ጦርነቱ ሲመጣ ዴም በአንድ ሳምንት ባዶ ሆነ። የስፌት መኪናዬን ለሐጃ ፋጢማ ትቼ፣ በዚያ እሳት በሚዘንብበት ሙቀት ጃኬቱን ለብሼ መኪና ላይ ወጣሁ። ሰዎች አበደች ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ደግ አደረጉ። በገዳሪፍ፣ በመተማ አልፌ ወጣት ሆኜ ከወጣሁበት ከተማ አሮጊት ሆኜ ገባሁ። ሁሉን ቻልኩት። ያልቻልኩት አንድ ነገር ስልኩን ነው። ናሆም ከሕፃንነቱ በቃሉ የሚያውቀው የሱዳን ቁጥሬን ነው፣ ያ ካርድ ደግሞ ጎንደር ላይ አይሠራም። መንገዱ ሰላም ሲሆን መተማ እወርድና፣ ድንበሩ አጠገብ የሱዳኑ መስመር የሚይዝበት አንድ ጥግ ላይ ቆሜ ካርዱን አስገባለሁ። አንዳንዴ ይይዛል። እስከ ማታ እቆማለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ያቺ ሰልባጅ ሻጭ መታጠብ አለበት ያለችኝ ይሄንን ነው። ከእሷ ተለይቼ ወደ ታች ስወርድ፣ ያ መሄጃ ያጣ የክረምት ጭራ ዝናብ ሳላስበው ወረደብኝ። ሰው ሁሉ ወደ ሱቅ በረንዳ ሮጠ። እኔ ጉልበቴ አያሮጠኝም። ጃኬቱን አወለቅሁና ጠቅልዬ ሆዴ ሥር ያዝኩት፣ ነጠላዬን ደረብኩበት፣ ላዩ ላይ ጎበጥኩ። ከበረንዳው አንዱ «እማማ፣ ጃኬት እኮ የሚለበሰው ለዝናብ ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ባየው እስቅ ነበር። ውኃው በጀርባዬ ገብቶ በሆዴ ወጣ፣ በነጠላው አለፈ፣ በእጆቼ መሀል አለፈ። ጎረቤቴ ደርሳ ጃንጥላ ስትዘረጋልኝ ዝናቡ ማባራት ጀምሮ ነበር።

ቤት ገብቼ ገለጥኩት። ሰማያዊው ጠብታ አለ። ወፎቹ አሉ። አንገቱ ጋ ዝቅ ብዬ ተነፈስኩ። ዝናብ ዝናብ ይላል። እጅጌው ሥር ፈለግሁት፣ ገበሩን ገልብጬ ፈለግሁት፣ ኪሱ ውስጥ አፍንጫዬን አስገብቼ ፈለግሁት። የለም።

ጎረቤቴ ፀሐይ ወጥታለች፣ አምጪው ገመድ ላይ ላስጣልሽ አለችኝ። እንቢ አልኳት። ለምን እንደሆነ እዚህ አገር የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ዘርግቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ናሆም ሲደውል ነው ገመድ ላይ የሚወጣው። ያጠበው ዝናብ ነው ልጄ፣ እኔ አላጠብኩትም።